ሽማግሌዎቹ ያልቀመሱት ራመን

ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ወግ አላት። ጓዳ ትገባለች፣ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፣ ከዚያ ጆሮዋን አቁማ የሚባለውን ትሰማለች። የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። እኔ ሽማግሌ በተላከብኝ ቀን ጓዳ መግባት ቀርቶ፣ ትሪ ተሸክሜ በሽማግሌዎቹ ፊት ስመላለስ ነው የዋልኩት። የሆነው እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ራንድበርግ ውስጥ ያለ አንድ የጃፓን ምግብ ቤት ነው። ሦስት ዓመት አልፎታል። አሁንም ሳስታውሰው ብቻዬን እስቃለሁ፤ ያን ቀን አፌን ባልከፍት ኖሮ ብዬ ሳስብ ደግሞ ሳቁ ይጠፋብኛል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከሆሳዕና ያመጣኝ ታላቅ ወንድሜ ጴጥሮስ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ስለሆነ፣ ወንድሜ ብዬ ብጠራውም በልቤ አባቴ ነው። ኮዝሞ ሲቲ ሁለት ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር፤ ሥራችንም አንድ ቦታ ነው። እሱ ምድጃው ላይ፣ እኔ አስተናጋጅ።

ጴጥሮስ ድሮ እንደ አገራችን ልጆች ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ ነበረው። ለማታውቁት፣ ስፓዛ ማለት ዳቦም ዘይትም የስልክ ካርድም የሚሸጥባት የሰፈር ሱቅ ናት፤ ከፊትም ከኋላም በብረት ፍርግርግ የታጠረች፣ ባለሱቁ እዚያው ጓዳዋ ውስጥ የሚያድርባት። አንድ ቀን ዘራፊዎች ገብተው ግራ ትከሻውን በጥይት መቱት። ተረፈ፣ ጌታ ይመስገን። ከሆስፒታል እንደወጣ ሱቁን ለሌላ ሰው አስተላልፎ ራመን ቤቱ ውስጥ ሳህን አጣቢ ሆኖ ገባ፤ በአምስት ዓመቱ ምድጃው ፊት ቆመ። እስከ ዛሬ ከባድ ድስት የሚያነሳው በቀኝ እጁ ብቻ ነው።

ራመን በእኛ አነጋገር መረቅ ውስጥ የገባ ኑድል ነው። እንዲህ ብዬ ስናገር ጌታዬ ሚስተር ሞሪ ቢሰማኝ ያባርረኛል። የምግብ ቤቱ ባለቤት እሱ ነው፤ አጭር፣ ጸጉሩ የነጣ፣ እንግሊዝኛን ቃል እየመረጠ የሚናገር ጃፓናዊ። የዶሮው አጥንት ከንጋት ጀምሮ ይቀቀላል፣ ኑድሉ በሰከንድ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ላዩ ላይ ግማሽ እንቁላል፣ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠልና አንድ የደረቀ የባሕር ቅጠል ይደረግበታል። ከዚያ በኋላ ሳህኑ የሚቆየው ሰባት ደቂቃ ነው ይላል ሚስተር ሞሪ። ካለፈ ኑድሉ መረቁን ጠጥቶ ያብጣል፣ ምግቡም ይሞታል። በስልኩ ፎቶ ሲያነሳ የሚቆይ ደንበኛ ካየ ጠረጴዛው አጠገብ ሄዶ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ዝም ብሎ ይቆማል። ሰውየው አፍሮ መብላት እስኪጀምር አይንቀሳቀስም። ወንድሜም ይሄው በሽታ ተጋብቶበት ነበር። ቤት ውስጥ ሻይ እንኳ ቢቀዘቅዝብኝ ይቆጣኝ ጀመር።

ቢኒያምን ያወቅሁት ቤተ ክርስቲያን፣ መዘምራን ውስጥ ነው። ረጋ ያለ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ ነው። ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ አለው፣ እሱም እንደሌሎቹ ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ያድራል። አንድ ዓመት ተኩል ከተጠናናን በኋላ ሽማግሌ ላከ። ወንድሜ እንቢ አላለም፤ ከእንቢ የባሰ ነገር ነው ያደረገው። አልተገኘም። ምግብ ቤቱ ሰኞ ዝግ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ሰኞ ሲመጡ እሱ ዕቃ ልግዛ ብሎ ፎርድስበርግ ሄዶ እስኪመሽ ቀረ። በሌላ ሰኞ ሲመጡ ደግሞ ስልኩን አጥፍቶ የት እንደዋለ እኔም አላውቅም። እኔ ብቻዬን በር ከፍቼ፣ "የለም፣ አባባ" እያልኩ መሬት መሬቱን አያለሁ።

ሦስተኛው ግን ሰኞ አልሆነም፤ ማክሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሳለሁ ቢኒያም ደወለ። ወንድሜ ቀደም ብሎ ወጥቷል።

"ዛሬ ይመጣሉ" አለኝ።

"ዛሬ ሥራ ላይ ነን እኮ።"

"እዚያው ነው የሚመጡት። አባባ ሎምቢሶ፣ 'ምድጃውን ጥሎ የት ይሄዳል፣ እዚያው እናገኘዋለን' አሉ።"

ሞት ይርሳኝ፣ ስልኩን ከእጄ ልጥለው ነበር። ለወንድሜ ልንገረው አልንገረው ስል ደረስኩ። ካየሁት በኋላ ደግሞ ቃል አልወጣኝም። ጠዋቱን ሙሉ በሩን ሳይ ቆየሁ፤ ለአንዱ ደንበኛ የሌላውን አቀረብኩ፣ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ የምሳው ግርግር ሲበርድ በሩ ተከፈተ። እንግዳ ሲገባ ሠራተኞቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ በጃፓንኛ እንኳን ደህና መጡ ብለን መጮህ የቤቱ ሕግ ነው። ጮህን። ሦስቱ ሽማግሌዎች ክራቫታቸውን አስረው በር ላይ ቆመዋል። ከፊት ያሉት አባባ ሎምቢሶ የቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ጩኸቱ ለሳቸው የተዘጋጀ አቀባበል መስሏቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ዙሪያውን እጅ ነሱ። ከኋላቸው ነገር የሚያውቀው ወንድም ማርቆስና እምብዛም የማይናገሩት አቶ ደግፌ ነበሩ።

ወንድሜ ጭልፋውን እንደያዘ ደረቀ። ምድጃው ከመመገቢያው ጋር ፊት ለፊት ነው፤ መሸሸጊያ የለውም።

"እንደምን ዋልክ ልጄ" አሉ አባባ ሎምቢሶ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጡ አባባ። ሥራ ላይ ነኝ።"

"ሥራህን ሥራ። እኛ አንቸኩልም።"

ከምድጃው ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። ወንድሜ ሦስት ሳህን ደረደረ። ያገር ሽማግሌ ከደጁ መጥቶ ሳይበላ መመለስ አይሆንለትም፤ ደግሞም በልተው ዝም ብለው የሚሄዱለት መስሎት ነበር። ሳህኖቹን ሲሰጠኝ፣ "ዶሮ ነው በያቸው፣ አሳማ የለበትም" አለኝ፤ ፊቴን ግን አላየኝም።

አቀረብኩ። ዶሮ መሆኑንም ተናገርኩ። አባባ ሎምቢሶ እንፋሎቱን አየት አድርገው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። ሁለቱም እንደሳቸው አጣጠፉ።

"የተባረከ ምግብ ነው፣ ልጄ" አሉኝ፤ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ግን ወንድሜ እንዲሰማ ነው። "ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ ግን እህል አንቀምስም።"

ይሄን ወግ የማታውቁ አትኖሩም። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ መልስ ሳያገኝ ከሰው ቤት አይበላም፣ አይጠጣም። ሆሳዕና ቢሆን ቆሎው ይቀመጣል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ማንም አይጎዳም። ራመን ግን ቆሎ አይደለም።

ወንድሜ ያልሰማ መስሎ ሽንኩርት ይከትፋል። አንድ ሽንኩርት ስንት ጊዜ እንደሚከተፍ ያን ቀን አየሁ። በየመሐሉ ቀና እያለ ሳህኖቹን ሰረቅ አድርጎ ያያል። መረቁ ወደታች ሄደ፣ ኑድሉ እየወፈረ ወደላይ መጣ፣ የባሕር ቅጠሉ ተኮማተረ። የወንድሜ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ሽማግሌዎቹ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ታክሲ ወረፋ እያወሩ ተዝናንተው ተቀምጠዋል።

በመጨረሻ አልቻለም። "አንሺው" አለኝ። አነሳሁ፣ ደፋሁ። እሱም እንደገና ሦስት አዲስ ሳህን ሠራ፤ ከመጀመሪያው አሳምሮ። ወሰድኩ። እጃቸውን አጣጠፉ።

"እረ ልጄ፣ ለምን ትደክማለህ" አሉት አባባ ሎምቢሶ። "አንዲት ቃል ናት የምንፈልገው።"

ያም አበጠ። ስድስቱንም ሳህን የደፋሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ስደፋ ሚስተር ሞሪ ከኋላዬ ቆሞ አገኘሁት።

"አስቴር፣ ምግቡ ምን ሆኗል?"

"ምንም አልሆነም።"

"ስድስት ሳህን። ምግብ የጠላ ሰው እንኳ አንድ ማንኪያ ይቀምሳል።"

መዋሸት አልቻልኩም። "እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነው የመጡት" አልኩት።

ዞሮ ሽማግሌዎቹን አያቸው። "ሦስቱም?"

በዚያ ጭንቀቴ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ቁጭ ብዬ አስረዳሁት፤ የተላኩት ለሌላ ሰው መሆኑን፣ የሚመልሰው ወንድሜ መሆኑን፣ እስኪመልስ እንደማይበሉ። ሚስተር ሞሪ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ እጁን ታጠበ፣ ሽርጥ አሰረና ምድጃው ጋ ሄደ።

"ጴጥሮስ፣ እረፍት።"

"ሥራ አለብኝ።"

"ሥራውን እኔ ይዤዋለሁ" አለና ጭልፋውን ከእጁ ወሰደ።

ወንድሜ ከነሽርጡ ወጥቶ ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጠ። እኔ ውኃ የምቀዳ መስዬ ሁለት እርምጃ ያህል ርቄ ቆምኩ። ጓዳዬ ያቺ ናት፣ ምን ላድርግ።

አባባ ሎምቢሶ ጉሮሯቸውን ጠርገው በወጉ ጀመሩ። "ልጃችን ቢኒያም እግዚአብሔርን የሚፈራ ልጅ ነው። እህትህ አስቴርን በሕግ፣ በቃል ኪዳን ሊያገባት ይፈልጋል። ልጅ ስጠን፣ ልጅ እንስጥህ ብለን ነው ከደጅህ የመጣነው።"

ወንድሜ ግራ ትከሻውን በእጁ ያዘ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

"አባባ፣ ቢኒያም ክፉ ልጅ አይደለም። ብጠላው ኖሮ የመጀመሪያው ቀን እንቢ ብዬ እገላገል ነበር። ነገር ግን የሚያድርበትን ቦታ አውቃለሁ። እኔም እዚያ አድሬያለሁ። ፍርግርጉን የምንሠራው ሌባ እንዳይገባ ነው፤ ከገባ በኋላ ግን እኔን ነው መውጫ ያሳጣኝ። ቁልፉን ስፈልግ ነው የተመታሁት። እህቴን እዚያ ውስጥ አላስተኛም።"

"ጠባቂው ጌታ ነው፣ ወንድሜ" አለ ማርቆስ።

"እኔንም ጠብቆኛል። ጠብቆ አወጣኝ። ታዲያ እሱ እኔን ካወጣበት ቦታ እህቴን መልሼ ላስገባ?"

ማርቆስ አንገቱን ደፋ። እኔ የውኃውን ጆግ እንደያዝኩ ቀረሁ። ወንድሜ ስለዚያ ቀን ለማንም ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ያኔ የምድጃው ደወል ተደወለ። ሚስተር ሞሪ ሦስት ሳህን ሠርቶ አስቀምጧል፤ ሥራዬ ነውና ሄጄ አመጣሁ። አቀረብኩ። ሦስቱም እጃቸውን አጣጠፉ። አሁን መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም።

እውነቱን ልንገራችሁ። ቢኒያም በጠየቀኝ ቁጥር "እኔ እኮ ፈቃደኛ ነኝ፣ ወንድሜ ነው" እል ነበር። ይሄን ቃል አንድ ዓመት ሙሉ ብዬዋለሁ። የቢኒያምን ክፍል ግን አንድ ቀን በቀትር አይቼዋለሁ። አልጋው በዱቄት ጆንያና በለስላሳ ሳጥን መካከል ገብቷል፤ መስኮቷ ብረት ናት። እሱ ስለሚገዛው ምንጣፍ ሲያወራኝ እኔ ከአልጋው እስከ በሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ እለካ ነበር። ያን ቀን ቤት ገብቼ ራቴን አልበላሁም። ለወንድሜም ለቢኒያምም አልነገርኩም። እንቢታዬን ወንድሜ ተሸክሞልኝ፣ እኔ እንደ ተበደለች ልጅ እየታዘንልኝ እኖር ነበር። ያን ጊዜ ትሪዬን ታቅፌ ቆሜ በራሴ አፈርኩ።

"አባባ፣ እኔ ልናገር?" አልኩ።

"እህት አስቴር፣ ወንድምሽ እዚህ እያለ..." ብሎ ማርቆስ ጀመረ።

"ተዋት፣ ትናገር" አሉ አባባ ሎምቢሶ።

"ቢኒያምን እወደዋለሁ" አልኩ። በሽማግሌ ፊት እንዲህ ያለች ሴት ከዘራችን ተሰምታ አታውቅም መሰለኝ፤ አቶ ደግፌ ሳል ያዛቸው። "እዚያ ክፍል ግን አላድርም። ወንድሜ ስለከለከለኝ አይደለም፣ እኔ ራሴ ስለምፈራ ነው። ሱቁን ይያዝ፤ ቤቱ ግን ከሱቁ ውጭ ይሁን። ቤት ከያዘ አገባዋለሁ። ካልያዘ እናንተን ደግሞ አይላክ፣ አትድከሙ።"

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። "ትፈሪ ነበር?"

"አዎ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ እንቢ ስትልልኝ እኔ መናገር አላስፈለገኝም" አልኩትና እንባዬ መጣ። እሱም ዓይኑን በሽርጡ ጠረገ፤ ሽንኩርቱ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከራል።

ሦስቱ ሽማግሌዎች አንገት ለአንገት ገጥመው በሀድይኛ ተማከሩ። የተማከሩት መልስ አግኝተናል ወይስ አላገኘንም በሚለው ላይ ነው። ማርቆስ አላገኘንም ባይ ነው፤ ልጅቱ ቅድመ ሁኔታ አቀረበች እንጂ ወንድሟ መቼ መለሰ ይላል። እኔ ሳህኖቹን አያለሁ። ሚስተር ሞሪ ከምድጃው ኋላ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሟል።

"የሷ ቃል የእኔ ቃል ነው" አለ ወንድሜ።

"እንግዲያው ተመልሷል" አሉ አባባ ሎምቢሶ። "እሺም አይደለም፣ እንቢም አይደለም። መልስ ግን ነው። እንዳለ እናደርሳለን።" ከዚያ ባርኔጣቸውን አስቀምጠው ለጸሎት ቆሙ። አባባ ሎምቢሶ በሠርግ ላይ ሲጸልዩ ወጡ በርዶ እንደገና እንደሚሞቅ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ያውቃል። ወደ ሳህኑ አዩ፣ ወደ ወንድሜ አዩ።

"ጌታ ሆይ፣ ሳያብጥ ባርክልን። አሜን።"

አሜን አልን። ሹካ አመጣሁላቸው። ጃፓኖች ኑድሉን ድምፅ እያሰሙ ሲስቡት ለአብሳዩ ክብር ነው ስላቸው አላመኑኝም፤ ከዚያ ቤቱን የሞላ ድምፅ ያሰሙት እኚያው ቀኑን ሙሉ ያልተናገሩት አቶ ደግፌ ናቸው። መረቁን ሳይቀር ጨረሱት። ሚስተር ሞሪ አንገቱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። ማታውኑ ቢኒያም ደወለ። "በሽማግሌ ፊት ቤቴን ናቅሽብኝ" አለኝና ዘጋው። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። እሁድ እሁድ መዘምራን ውስጥ ሁለት ሰው በመሐላችን አድርጎ ይቆማል፤ መዝሙሩ ሲያልቅም ቀድሞ ይወጣል። እኔ ሳህን ማጠቢያው ጋ ስንቴ እንዳለቀስኩ ውኃው ያውቃል። ወንድሜ "አልኩሽ" አላለኝም። ማታ ማታ ሻይ እያፈላ ፊቴን ያይ ነበር።

እህቶቼ፣ ይሄን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፍርሃታችሁን ለሌላ ሰው አታሸክሙ። "ወንድሜ ነው፣ አባቴ ነው፣ ቤተሰቤ ነው" ማለት ይመቻል፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ አንድ ዓመት ተኝቼበታለሁ። ዋጋውን ግን የሚከፍለው ክፉ የተባለው ሰው ነው። ወንድሜ ለእኔ ሲል ክፉ ተብሎ ኖረ። ወንዶችም ብትሆኑ ያው ነው፤ ይሄንን በኋላ የተረዳሁት ከቢኒያም ነው።

በአራተኛው ወር፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ በሩ ተከፈተና ጮህን። ቢኒያም ብቻውን ነበር። ተቀመጥ እስክለው በር ላይ ቆመ። ያው የሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከኪሱ አንድ ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ኮዝሞ ሲቲ ነው፣ ከእናንተ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ። ሱቁን አሥራ ሁለት ሰዓት ዘግቼ እወጣለሁ።" ጣቶቹን አየ። "ተናድጄብሽ ነበር። ከዚያ አዲሱ ቤት ገብቼ ተኛሁ። አስቴር፣ እስኪነጋ አልነቃሁም። እዚያ ሱቅ ውስጥ አምስት ዓመት እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ለማንም ግን ተናግሬ አላውቅም።"

የምድጃው ደወል ተደወለ። ማንም ሳያዝ ወንድሜ አንድ ሳህን ሠርቶ አስቀምጧል፤ እንቁላሉን ግማሽ ሳይሆን ሙሉ አድርጎበታል። አምጥቼ ቢኒያም ፊት አቀረብኩ። አልነካውም። እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ፊቴን ፊቴን ያየኛል። ወንድሜ ከምድጃው ኋላ ጭልፋውን እንደያዘ ቆሟል፤ ሽንኩርት እንኳ አልከተፈም።

ቁልፉን አንስቼ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

"ብላ፣ ያብጣል" አልኩት።